የናፍጣ ጭስ መለኪያ ልንገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?

ባለ ስድስት ሲሊንደር፦

ሰላም ወገኖች። አራት ሆነን ናፍጣ ሞተር ብቻ እንጠግናለን። አብዛኛው የጭነት መኪና ነው። ሚኒባስም ይመጣል፣ አንዳንዴም ጄነሬተር። እስካሁን ጭስ የምንለካው በዓይናችን ነበር። አንዱ የነዳጅ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ ያያል፣ «ቀንሷል» ይላል፣ መኪናው ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ለቴክኒክ ምርመራ ሄዶ ወድቆ ሲመለስ ነው። ባለመኪናው ወረቀቱን ዘርግቶ ያሳየናል፣ እኛ ደግሞ ከ«ቀንሶ ነበር እኮ» በቀር የምናሳየው የለንም።

በቃ መለኪያ ይገዛ ብለን ተስማማን። ሦስት ሻጮች ሦስት ዓይነት ነገር አመጡልን። የመጀመሪያው ቱቦው ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባና ትንሽ ጭስ ወደ ሳጥን ይወስዳል፣ ሳጥኑ ውስጥ መብራት አለ። ሁለተኛው የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ይታሰራል፣ ጭሱ ሁሉ በመሃሉ ያልፋል። ሦስተኛው ጭሱን በነጭ ወረቀት ውስጥ ይስብና ወረቀቱ ምን ያህል እንደጠቆረ ያነባል። ሦስቱም «ትክክለኛው የኔ ነው» ይላሉ።

የመጀመሪያውን ዓይነት ለሁለት ቀን ተውሼ አንድ ከባድ መኪና ላይ ሞክሬው ነበር። ይባስ ግራ አጋባኝ። ሞተሩን ምንም ሳንነካ በተከታታይ ስንረግጥ ያነበበው ይኼን ነው፦ 3.12፣ 2.40፣ 1.88፣ 1.83፣ 1.86። የቱ ነው እውነቱ? ደግሞ ስክሪኑ ላይ «ኬ» የሚል ቁጥርና የመቶኛ ቁጥር አብረው ይወጣሉ፤ ከ1.86 ጎን 55 በመቶ ይላል። በዚያው ቀን የሁለተኛው ዓይነት ሻጭ መጥቶ ያው መኪና ላይ አስሮ ሲያሳየን 21 በመቶ አነበበ። ከዚያ «አያችሁ፣ ያኛው እጥፍ አድርጎ ነው የሚያጋንነው» ብሎን ሄደ። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር፣ ግን የመጀመሪያው ሻጭ ደግሞ «ያኛው ደብቆ ነው የሚያነበው» አለኝ።

የሚያውቅ ይርዳኝ።


ጡረተኛ መርማሪ፦

ልጄ፣ 55 እና 21 ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱ ሻጮች ግን አላወቁም፣ ወይ አውቀው ዝም ብለዋል።

ሁለቱም መሣሪያዎች የሚለኩት አንድ ነገር ነው። በአንድ በኩል መብራት አለ፣ በሌላ በኩል ብርሃኑን የሚቀበል ዳሳሽ አለ፣ ጭሱ በመሃል ያልፋል። ጭሱ የጋረደው የብርሃን መጠን ኦፓሲቲ ይባላል፣ መቶኛው እሱ ነው። አሁን ጉም አስብ። ጉም ውስጥ ሁለት እርምጃ ፊትህ ያለው ሰው ይታይሃል፣ ሃምሳ እርምጃ ላይ ያለው አይታይህም። ጉሙ ግን ያው ጉም ነው። ጭስም እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ረጅም መንገድ በጭስ ውስጥ ከሄደ ብዙ ይጋረዳል፣ አጭር ከሄደ ትንሽ።

ሳጥን ያለው መሣሪያ መቶኛውን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ በ43 ሴንቲሜትር መንገድ ተሰልቶ ነው። ይኼ ከድሮው የሃርትሪጅ መለኪያ የመጣ ርዝመት ነው፣ አንዳንድ ደንብ ላይ እስከ ዛሬ የሃርትሪጅ ነጥብ ሲባል ትሰማለህ። አፉ ላይ የሚታሰረው ግን የሚያየው የጭስ ማውጫህን ስፋት ብቻ ነው። የዚያ መኪና ጭስ ማውጫ ባለ 5 ኢንች ነበር ብዬ ብወራረድ አልበላም። 12.7 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ሂሳቡን ብትሠራው ኬ 1.86 የሆነ ጭስ በ43 ሴንቲሜትር 55 በመቶ ይጋርዳል፣ በ12.7 ሴንቲሜትር 21 በመቶ። ባለ 3 ኢንች ጭስ ማውጫ ቢሆን ኖሮ ያው ጭስ 13 በመቶ ይል ነበር፣ ሻጩም የበለጠ ይደሰት ነበር።

ኬ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። አልፎ የደረሰውን የብርሃን ክፍል ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ትወስዳለህ፣ የመቀነስ ምልክቱን ትተህ በሜትር ለተለካው የመንገዱ ርዝመት ታካፍለዋለህ። ርዝመቱ ከሂሳቡ ወጣ ማለት ነው፣ የቀረው የጭሱ ጥቁረት ብቻ። ስለዚህ ሁለት መሣሪያ ስታወዳድር ኬን ከኬ ጋር አወዳድር። አንድ ሰው መቶኛ ብቻ ከነገረህ «በስንት ሴንቲሜትር?» በለው። ካላወቀ ቁጥሩን እርሳው።

ደንቦቹም በሁለቱ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። የአውሮፓ ኅብረት የምርመራ መመሪያ፣ 2014/45 የሚባለው፣ በኬ ይሄዳል። መጀመሪያ ፋብሪካው መኪናው ላይ በለጠፈው ሳህን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው የሚያየው። እሱ ከሌለ ቱርቦ ለሌለው 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3.0፣ ከ2008 አጋማሽ ወዲህ ለተመዘገቡት 1.5፣ ዩሮ 6 ለሚባለው አዲሱ የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ደግሞ 0.7 ነው። አሜሪካኖቹ ለከባድ መኪና ኤስኤኢ ጄ1667 በሚሉት አሠራር በመቶኛ ይሄዳሉ፤ እነሱ ጋ ታዲያ የጭስ ማውጫው ስፋት ወይም የሞተሩ ጉልበት ሂሳቡ ውስጥ ይገባል። ደንበኛህ ወድቆ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ላይ የትኛው ቁጥር እንዳለ እይና በዚያ ቋንቋ የሚያነብ ግዛ። ከሁሉ በፊት ይኼን አድርግ።

አሁን ወደ 3.12 እንምጣ። መኪናው በሚኒሞ ሲቆም፣ ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ማርሚታውና ቱቦው ውስጥ ጥላሸት ይጠራቀማል። መጀመሪያ ስትረግጥ የሚወጣው የሞተሩ ጭስ ብቻ አይደለም፣ የሳምንቱ ጥላሸትም አብሮ ነው። ለዚህ ነው ከመለካት በፊት ሦስት ጊዜ ያህል ረግጠህ ቱቦውን የምታጠራው። ከዚያ በኋላ የምትመዘግበውን ሦስቱን አማካይ ትወስዳለህ። ያንተ መጨረሻዎቹ ሦስቱ 1.88፣ 1.83፣ 1.86 ናቸው፣ አማካዩ 1.86። እንዲህ ከተቀራረበ መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ ሞተሩም፣ የረገጠው ልጅም። በጄ1667 በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 በመቶ ነጥብ ከበለጠ ፈተናው አይቆጠርም።

ስለ መርገጡ ደግሞ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ ልል ነበር፣ ግን አብዛኛው ስህተት እዚያ ስለሆነ አሁኑኑ ልበለው። ሞተሩ ይሙቅ፤ ዘይቱ ቢያንስ 80 ዲግሪ። ሙቀቱን የሚነግርህ የዳሽቦርዱ ጌጅ አይደለም፣ እሱ የውሃውን ነው የሚያሳይህ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ በሱ ቦታ የምትከተው የሙቀት ዳሳሽ አለ። ከዚያ ማርሽ ዜሮ፣ እጅ ፍሬን፣ ጎማው ላይ ታኮ። ፔዳሉን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እስከ ጥግ ትጫነዋለህ። መጫን ነው እንጂ መምታት አይደለም። ሞተሩ ገቨርነሩ (የዙር ገዳቢው) እስከሚያቆመው ዙር ይድረስ፣ እዚያ ያዘው፣ ለከባድ መኪና ከረገጥክ እስክትለቅ ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ። ልቀቅ። ቱርቦው እንዲረጋጋ በሚኒሞ ቢያንስ አሥር ሴኮንድ ጠብቅ። ከዚያ ድገም።

ሾፌሮች ቀስ ብለው መርገጥ ይወዳሉ። ቀስ ካልክ ነዳጁና አየሩ አብረው ያድጋሉ፣ ጭስ አይወጣም፣ መኪናው «አለፈ»። ለዚህ የዙር መቁጠሪያ የሌለው መለኪያ አትግዛ። ጥሩዎቹ ከሚኒሞ እስከ ጥግ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ይመዘግባሉ፣ ቀስ ካልክ «አልቀበልም» ይላሉ።


ቺንጋ በጣሹ፦

ጡረተኛ መርማሪ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን ወንድሜን ከመሣሪያው በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቀው።

መለኪያ በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሚኒባስ መጣ። ባለቤቱን «ቺንጋው መቼ ተቀየረ?» አልኩት፣ «በቅርቡ» አለኝ። አመንኩት። ሞተሩ ሙቅ ነው፣ ቱቦውን ከተትኩ፣ አንድ ረገጥኩ፣ ደህና። ሁለተኛውን ስረግጥ ጧ! የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ፀጥ። እንዲህ ያለ ፀጥታ ሰምቼ አላውቅም። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የካምሻፍቱ ቺንጋ (ቀበቶው) ተበጥሷል፣ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን መትተዋቸዋል። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ስናወርደው ቫልቮቹ እንደ መንጠቆ ታጥፈው አየናቸው። ጭስ ልለካ መጥቼ ቴስታታ ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለኝ ሥርዓት እንዲህ ነው። ዘይቱን አያለሁ። የራዲያተሩን ውሃ አያለሁ። የቺንጋውን ሽፋን ከፍቼ በባትሪ አያለሁ፣ ካልተከፈተ ባለቤቱ መቼ እንደቀየረ ይጽፋል ይፈርማል። የመጀመሪያውን ዙር እስከ ግማሽ ብቻ ቀስ ብዬ አስነሳለሁ፣ ጆሮዬን እሰጣለሁ። የሚያንኳኳ ነገር ካለ፣ ዘይት መብራቱ ብልጭ ካለ፣ ዙሩ ገቨርነሩ ጋ ደርሶ ካልቆመ፣ እዚያው ላይ አቆማለሁ። መለኪያውን አወጣና «መጀመሪያ ይጠገን» እላለሁ።

ሌላው ጤናችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር ያመጣሉ ከተባሉት በመጀመሪያው ምድብ አስገብቶታል። በር ዘግታችሁ አትለኩ። ጭስ የሚስብ ማራገቢያ ካላችሁም አፉን ከጭስ ማውጫው ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ ካለበለዚያ መለኪያው የሚወስደውን ጭስ ሳይቀር ይስብባችኋል።


ዓይን አይዋሽም፦

ኧረ በናታችሁ። ይኼ ሁሉ ሎጋሪዝም ለጭስ ነው? ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ፊልትሮ፣ ቱርቦ፣ ኢንጄክተር፣ ፖምፓ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ የፒስተን ፋሻ፣ የቫልቭ ጎማ፣ የቱርቦ ዘንግ። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ነዳጁ ሳይቃጠል ነው የወጣው፤ ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ይኼን መሣሪያው ይነግራችኋል? አይነግራችሁም። ሰላሳ ዓመት በዓይኔ ሠርቻለሁ።


ጡረተኛ መርማሪ፦

ዓይን አይዋሽም፣ ግማሹን እውነት ተናገርክ። መሣሪያው ቀለም አያውቅም። ለሱ የሚጋርድ ሁሉ አንድ ነው። ጥላሸትም፣ የዘይት ጭስም፣ በቀዝቃዛ ጠዋት የሚወጣ እንፋሎትም «ጭስ» ብሎ ያነባቸዋል። ልጁ መኪናውን ጠዋት እንደተነሳ ቢለካው ከከሰዓቱ የባሰ የሚያነብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንዲያውም ጥሩ መሣሪያ የጭስ ክፍሉን ከ70 ዲግሪ በላይ የሚያሞቀው ውሃው ጤዛ ሆኖ እንዳይጠራቀም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ መለኪያ። በዚህ ተስማምተናል።

ግን ዓይንህ መጠን አያውቅም። ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዓይንን ሊያስተካክል ሞክሮ ነበር። ነጭ ካርድ ላይ ጥቁር መስመሮችን እያወፈረ ደረጃ አወጣ፤ ከ0 እስከ 5፣ እያንዳንዱ ደረጃ 20 በመቶ ጥቁረት። ካርዱን ከርቀት ሰቅለህ ከጭሱ ጋር ታስተያያለህ። ለፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሲሠራበት ኖሯል፣ ለመርከብም። የሱም ችግር ታዲያ ሰማዩ ነው። ደመና ሲሆን ጭሱ ሌላ ይመስላል፣ ፀሐይ ከኋላህ ሆና ሌላ፣ ፊት ለፊትህ ሆና ሌላ። ኬ 2.4 እና ኬ 3.2 አጠገብ ለአጠገብ ካልሆነ በዓይን አትለያቸውም። መኪና የሚያልፈውና የሚወድቀው ደግሞ እዚህ መካከል ነው።


ቤንች ላይ፦

እኔ የምሠራው ሞተር ቤንች ላይ አስረን በምንሞክርበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ጥቂት ልበል። ማንም አልነካውም።

የወረቀቱ ዘዴ ከቦሽ የመጣ ነው። የድሮው በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ነበር፤ ስፕሪንጉን ትለቀዋለህ፣ 330 ሴንቲሜትር ኪዩብ ጭስ በክብ ነጭ ወረቀት ይስባል፣ ወረቀቱ ላይ ብርሃን ተጥሎ የሚመለሰው ይለካል፣ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይሰጥሃል። 0 ንጹሕ ወረቀት፣ 10 ምንም ብርሃን የማይመልስ ጥቁር። የዛሬዎቹ፣ እንደ ኤቪኤል 415 ያሉት፣ ወረቀቱን እንደ ጥቅል ራሳቸው ያዞሩታል፣ የሚስቡትን መጠንም ራሳቸው ይመርጣሉ። በጣም ጥቂት ጥላሸት ሳይቀር ያነባሉ፤ እንፋሎት ብዙም አያታልላቸውም፣ ምክንያቱም የሚያዩት ወረቀቱ ላይ የቀረውን ጥቁር ነገር ነው። የጠቆረውን ወረቀት በእጅህ ይዘህ ማየት ደግሞ የራሱ ደስታ አለው፣ ባለሞተሩም ሲያየው ክርክር ያቆማል።

ጉዳቱ ጊዜ ነው። ናሙና ለመውሰድ ሴኮንዶች ይፈልጋል፣ ሞተሩም በዚያ ጊዜ ሁሉ በአንድ ዙርና በአንድ ጭነት መቆየት አለበት። ረግጠህ የምትለቀው ጭስ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ ወረቀቱ አይደርስበትም። ለጋራዥ ስለዚህ አይሆንም። ለጄነሬተር ግን አስቡበት። ጄነሬተር በ1500 ዙር ለመሥራት የተስተካከለ ነው፣ «እስከ ጥግ ርገጠው» የሚባል ነገር የለም። ባዶውን አስነስታችሁ ብትለኩት ምንም አያወጣም፣ ጭነት ሲያርፍበት ግን እንደ ከሰል ምድጃ ይጨሳል። እሱ የሚለካው ጭነት ሰጥቶ፣ አረጋግቶ ነው። ሳጥን ያለው ኦፓሲሜትርም (በብርሃን የሚለካው) በዚህ መንገድ ይሠራል፤ በቅጽበቱ የወጣውን ጫፍ ትተህ የተረጋጋውን ቁጥር መያዝ ብቻ ነው።

መርማሪው ያልጠቀሱት አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁለት መሣሪያዎች በኬም ቢሆን የማይስማሙበት ቦታ አለ። ስትረግጥ ጭሱ የሚደርስበት ከፍተኛ ጫፍ በጣም ስለታም ነው፣ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያለሰልሰው ደግሞ በየደንቡ የተጻፈ ነው። በጄ1667 የግማሽ ሴኮንድ አማካይ ይወሰዳል፣ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 24 መሠረት የተሠራው ደግሞ አንድ ሴኮንድ አካባቢ የሚዘገይ ነው። ያው ጭስ፣ ያው ርዝመት፣ ሌላ ጫፍ። ሜኑ ውስጥ የፈተናውን ዓይነት ምረጥ ሲል ዝም ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ዋናው። የሚመጡላችሁ መኪኖች ዲፒኤፍ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ፊልትሮ፣ አላቸው? ካላቸው ኦፓሲሜትር ከሞላ ጎደል ዕውር ነው። ጤነኛ ዲፒኤፍ ያለው መኪና 0.00 ወይም 0.01 ያነባል። የተሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ ከ0.7 በታች ስለሆነ ያልፋል፣ አንዳንዱ ውስጡን ቆርጠው ያወጡትም ሳይቀር ያልፋል፤ ሞተሩ ጥሩ ከሆነ። ካሊፎርኒያዎች ይኼን አይተው ዲፒኤፍ ላለው ከባድ መኪና ጣሪያውን ወደ 5 በመቶ አወረዱት። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ወደ ቅንጣት ቆጠራ እየሄዱ ነው። ኔዘርላንድ ከጃንዋሪ 2023፣ ጀርመን ከጁላይ 2023 ጀምረዋል፤ የጀርመኑ ጣሪያ በአንድ ሴንቲሜትር ኪዩብ 250,000 ቅንጣት ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ ደህና ፊልትሮ ከዚያ እጅግ በታች ነው የሚያነበው። መርገጥ የለም፣ ሞተሩ በሚኒሞ ቆሞ ነው የሚቆጠረው፣ ቺንጋም አይበጠስም 😄 ግን የቅንጣት ቆጣሪ ሌላ መሣሪያ ነው፣ ኦፓሲሜትር የገዛ ሰው ሶፍትዌር ጨምሮ አያገኘውም።

መሣሪያ ሳትገዙ የምትሞክሩት ነገር ደግሞ፦ ዲፒኤፍ ያለው መኪና ሲመጣ ሲቀዘቅዝ ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ የጭስ ማውጫውን ውስጥ አሽከርክሩት። ፊልትሮው ደህና ከሆነ ጨርቁ እንዳለ ይወጣል፣ ቢበዛ ግራጫ አቧራ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ፊልትሮው የለም ወይም ተሰንጥቋል።


ባለ ስድስት ሲሊንደር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከአንድ ሳምንት ክርክር በላይ ነው የጠቀማችሁኝ። ጋሼ፣ ጭስ ማውጫው ባለ 5 ኢንች ነው፣ ለክቼዋለሁ፤ ከተወራረዱ አልተበሉም።

የደንበኞቼን ወረቀት ሰብስቤ አየሁ። ሁሉም በኬ ነው። ከባድ መኪኖቹ አብዛኛው ዲፒኤፍ የላቸውም። ስለዚህ ሳጥን ያለውን ልወስድ ነው፣ ባለ ዙር መቁጠሪያና የዘይት ሙቀት። ጭስ ማውጫው ወደ ላይ የቆመ መኪና ስላለን ግን ትንሽ እያሳሰበኝ ነው፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ቱቦ መክተት ሊሆን ነው። ሁለተኛው ለዚያ ይቀል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ትክክል ማንበቡን እኔ ራሴ በምን አውቃለሁ? ሻጩ «ራሱን ያስተካክላል» ይለኛል።


ጡረተኛ መርማሪ፦

ለቆመው ጭስ ማውጫ ረጅም ዘንግ ያለው ቱቦ አለ፣ ከመሰላል ያወጣሃል። አፉ ላይ የሚታሰረው ሲታሰር ይቀላል፣ እውነት ነው፣ ግን ከውጭ ነፋስ ጭሱን ወደ ጎን ሲያንጋድደውና ፀሐይ ዳሳሹ ላይ ስትገባ ትጨነቃለህ። የቱቦው ጫፍ መሃል ላይ፣ ወደሚመጣው ጭስ ፊቱን አዙሮ ይቁም፣ ግድግዳውን አይንካ፣ ጭስ ማውጫው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አታድርገው። ሻጮች ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፍ ይሰጡሃል፣ ቀጭኑ ለትንንሽ መኪና፣ ወፍራሙ ለከባድ። አታቀያይራቸው። ቱቦው ረዝሞ መሬት ላይ ወገቡ ከረገበም ውሃ እዚያ ይተኛል፣ ወደ ሳጥኑ ያዘነበለ ሳይሆን ከሳጥኑ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን።

«ራሱን ያስተካክላል» የሚባለው ሁለት ነጥብ ነው። ንጹሕ አየር ውስጥ ዜሮ ይይዛል፣ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ሲጋርድ መቶ ይይዛል። መሃሉን አይፈትንም። ሌንሱ ቀስ በቀስ ጥላሸት ሲለብስ ዜሮው ራሱን እያስተካከለ ይሄዳል፣ አንተም አታውቅም። ለመሃሉ ብርሃኑ መንገድ ላይ የምትከተው ጥቁር ብርጭቆ አለ፤ ስንት በመቶ እንደሚጋርድ ተለክቶ የተጻፈበት፣ የምስክር ወረቀት ያለው። ትከተዋለህ፣ መሣሪያው ያነባል፣ ብርጭቆው ላይ ከተጻፈው ጋር ታስተያያለህ። በሳምንት አንዴ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። በሁለት በመቶ ነጥብ መራቅ ከጀመረ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረግ፣ እንደገና ሞክር። ብርጭቆውን ግን በጣትህ አትንካው፣ የጣት አሻራም ይጋርዳል፣ ከዚያ መሣሪያውን ስትሰድብ ትውላለህ። ዓመታዊ ካሊብሬሽኑን ማን እንደሚሠራልህም ከመግዛትህ በፊት እወቅ።


ቺንጋ በጣሹ፦

ማሞቂያው፣ ቱቦውና ጫፎቹ ለብቻቸው ይሸጡ እንደሆነም ጠይቅ። የኔ መጀመሪያ የሞተው ማሞቂያው ነው፤ መሣሪያው እንዳለ ሆኖ ለአንድ ቁራጭ ሽቦ ወራት ቆምኩ።


ባለ ስድስት ሲሊንደር፦

ዛሬ ሻጩን አገኘሁት። ስለ ብርጭቆው ጠየቅሁት። «የቱ ብርጭቆ?» አለኝ።


ጡረተኛ መርማሪ፦

ሌላ ሻጭ ፈልግ።